ያልተመደበ መዝሙር

አቶ ክብሩ ደረሰ ከአባታቸው ከአቶ ደረሰ ዳንጊሶና ከእናታቸው ከወይዘሮ አበበች ሀሜሶ በ1955 ዓ.ም. በይርጋለም ከተማ ተወለዱ። ወንድሜ አርፎ መቀመጥ የማይሆንላቸው ልጅ ነበሩ። እናታችን "ይህን ልጅ እሾህ ላይ ነው እንዴ የወለድኩት?" ይሉ ነበር።

ትምህርታቸውን በይርጋለም አጠናቀው በመምህርነት ከሠለጠኑ በኋላ፣ ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ በሐዋሳ አዲስ ከተማ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምረዋል። አኮርዲዮን ግን ማንም አላስተማራቸውም። ሳምንቱን ሙሉ የተጠናውን መዝሙር እሑድ ሲደርስ በቤተ ክርስቲያን በሌላ መንገድ ይወስዱታል፤ ሲላቸውም በሲዳምኛ አዝማች ያስገቡበታል። ከኋላ ያሉት እናቶች ሲቀበሉ፣ ዩኒፎርም የለበሱት መዘምራን አፋቸውን ከፍተው ይቀራሉ። ከሁሉ በላይ የሚበሳጩት የመዘምራኑ መሪ ወይዘሪት ምሕረት ኤርሚያስ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ከአገልግሎት አስወጥተዋቸዋል። በ1984 ዓ.ም. ደግሞ አገቧቸው።

በሠርጉ ቀን መብራት ጠፍቶ ኪቦርዱ ዝም ሲል፣ ሙሽራው ከወንበራቸው ተነሥተው አኮርዲዮናቸውን አነሡ። ማንም ያላሰበውን መዝሙር አዳራሹ በሙሉ ተቀበለ፤ ሙሽሪት ግን ኬክ እስኪቆረስ አኩርፈው ነበር። ሐዳሳንና ኢዮስያስን ወልደው፣ አስተምረው፣ ለወግ ለማዕረግ ሲያበቁም ይህ ክርክር አልተቋጨም።

በ2015 ዓ.ም. ስትሮክ ግራ እጃቸውን ያዘው። ወናፉን የሚስብ እጅ ጠፋና አኮርዲዮኑ ሣጥን ገባ። ወንድሜ ዕረፍት አጡ። የቀኝ እጃቸው ጣቶች በጠረጴዛው፣ በአልጋው ጠርዝ፣ በሰው ትከሻ ላይ ሲሮጡ ማየት አንጀት ይበላ ነበር። አንድ ቀን ወይዘሮ ምሕረት ሣጥኑን ከፍተው ከጎናቸው ተቀመጡና፣ "በል እኔ ልሳብልህ፤ ወዴት እንደምትሄድ ግን ንገረኝ" አሏቸው።

"እኔስ መቼ ዐውቄ!" አሉና ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ሁለቱ በአንድ አኮርዲዮን ተጫወቱ። ይሳሳታሉ፣ ይወቃቀሳሉ፣ እንደገና ይጀምራሉ። ጎረቤት ሳያንኳኳ ገብቶ ይቀበላል።

አቶ ክብሩ ሕመሙ ጸንቶባቸው ኅዳር 12 ቀን 2018 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ተለይተዋል። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና እኔ ታናሽ እህታቸው ፅጌ እናዝናለን። ማረፍ ያልሆነላቸውን ወንድሜን ጌታ በዕረፍቱ ይቀበላቸው።

የዛሬውን ፕሮግራም ያዘጋጁት ወይዘሮ ምሕረት ናቸው። በመዝሙሩ ተራ የማንም ስም ያልተጻፈው ተረስቶ አይደለም። አኮርዲዮኑ ከአስከሬኑ አጠገብ ነው። ወናፉን ወይዘሮ ምሕረት ይስባሉ፤ ቁልፉን የሚነካ ግን አልመደቡም። የቻለ ይነሣ፤ ያልቻለም ይነሣ።