ሰማንያዋ ጥድ

ሰቆጣ፣ በኅዳር ሚካኤል ማግስት

ይድረስ ባሕር ዳር ላለሽው ለወዳጄ ልጅ፣

እንደምን ከረምሽ ልጄ? ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? ትንሿን ሳል ይዟት እንደነበር አጎትሽ ነግሮን ስሟን በጸሎት እያነሣሁ ነው፤ ተሽሏት እንደሆነ አሳውቂኝ። እኛ አለን። አዝመራው ዘንድሮ ከፋ አይባልም፤ ጤፉ እየታጨደ ነው። እኔም ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ሽቅብ ስወጣ ነው እንጂ ቁልቁል ላይ አያስቸግረኝም።

ደውዬልሽ ነበር። አንሥተሽ ድምፄን ስትሰሚ ዘጋሽው። አልቀየምኩም፤ ኀዘን ላይ ነሽ። እኔም በስልክ ማውራት አልችልበትም፤ ሰላምታውን ሳልጨርስ መስመሩ ይጠፋል። ስለዚህ ይህችን ጽፌ ለሾፌሩ ለጌታሰው ሰጥቻለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሰው ነኝና የእጅ ጽሑፌን እየታገሥሽ አንብቢው።

አጎትሽ ካሤ ያልሽውን ሁሉ ነግሮኛል። «አባቴን ዘመድ እንደሌለው ሰው በሰሌን ጠቅልላችሁ ቀበራችሁት» አልሽ አሉ። ለአርባውም እንደማትመጪ። «ከእኔ ይልቅ ዛፍ የመረጠ ሰው ነው፤ እንግዲያው ያንን ጥዱን ቁረጡና ለተዝካሩ ማገዶ አድርጉት» አልሽ አሉ። ካሤ «ወራሿ እሷ ናት፣ ከአፏ ወጥቷል» ብሎ ለቅዳሜ መጥረቢያ የሚይዙ ሰዎች ጠርቷል። እኔ ጎረቤት ነኝ፤ በንብረትሽ ላይ አላዝም። ከቅዳሜ በፊት ግን አባትሽን እኔ እንዳወቅኋቸው ልንገርሽ፤ ከዚያ አንቺ ያልሽው ይሆናል።

የተዋወቅነው ፍርድ ቤት ነው፤ እሳቸው ጠበቃ፣ እኔ በሩ ላይ ጥበቃ። «እኔ ጠበቃ፣ አንተ ጥበቃ፤ አንዲት ፊደል ናት የለያየችን» ይሉኝ ነበር። ኋላ አንቺንና እናትሽን ይዘው ባሕር ዳር ገቡ። በየክረምቱ ችሎት ሲዘጋ ግን እዚህ ከመምጣት አይቀሩም፤ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ መጀመሪያ የሚያዩት ያንን ጥድ ነበር። እናትሽ ካረፉ በኋላ፣ አባትሽ ጡረታ ወጥተው ጠቅልለው የመጡ ዕለት ደጄ ላይ ቆመው፣ «ዕድገት አገኘሁ፤ እኔም ጥበቃ ሆንኩ» አሉኝ። ባለቤቴ እታገኝ ከውስጥ ሰምታ፣ «እንግዲያው በሩን እርስዎ ይዝጉት፣ እሱ ይተኛ» አለቻቸው።

ያን ራቁቱን የቀረ ተረተር አልብሰውት ነበር። ወይራ፣ ግራር፣ ዋንዛ። በኪሳቸው ዘር የማይጠፋ ሰው ነበሩ፤ እጅ ሲሰጡሽ መዳፍሽ ላይ ፍሬ ይቀራል። የደረቀ ችግኝ አይነቅሉም፤ «ለሰኔ ቀጠሮ ተሰጥቷታል» ይላሉ። የእኔ ፍየሎች ገብተው የጨረሱባቸው ጊዜ ደግሞ፣ «ይግባኝ የሌለው ፍርድ ፈረዱብን» ብለው እንደገና ቆፈሩ።

እታገኝ ያረፈችብኝ ጊዜ የሚመጣው ሰው ሁሉ «በርታ፣ ጠንክር» ይለኛል። እሳቸው ግን በነጋታው ጀሪካን ይዘው መጡና፣ «ምንጭ ልወርድ ነው፣ ጀርባዬን አሞኛል፣ ያዝልኝ» አሉኝ። በየቀኑ ጀርባቸውን ያማቸው ጀመር። ጀርባቸው ደኅና እንደነበር የገባኝ ከቤት መውጣት ከለመድኩ በኋላ ነው።

ስለ ጥዷ ልንገርሽ። በራቸው አጠገብ ናት። ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ ውኃ ሲያጠጧት አገኛቸዋለሁ። «እንዴት አደርሽ ሰማንያዋ? ዛሬም እንዳኮረፍሽ ነው?» ይሏታል። እኛ ሰማንያ ስንባል የምናውቀው የውል ጋብቻውን ነው። የሕግ ሰው ስለሆኑም፣ ጠበቃው ከጥድ ጋር ሰማንያ ተዋዋሉ ተብሎ በሰፈሩ ተሳቀ። እታገኝ በሕይወት ሳለች፣ «ለመሆኑ ሚዜው ማን ነበር?» ብላቸው ነበር። «ሚዜም አልነበረ፤ የፈረምኩት እኔ ብቻ ነኝ፣ እሷ ገና አልፈረመችም» አሏት። ሁላችንም ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ፤ ዓይናቸውን ግን ወደ መንገዱ አዞሩ።

ያ ክፉ ዘመን መጥቶ ከአበርገሌና ከፃግብጂ ሰው ተፈናቅሎ ሲሰፍርብን፣ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ማገዶ የለም። አባትሽ መጥረቢያ ይዘው ወደ ተረተሩ ወጡ። ያሳደጉትን ሁሉ በገዛ እጃቸው እየጣሉ፣ ሴቶቹን በአገራቸው ቋንቋ በኽምጥኛ እየጠሩ አሸከሟቸው። ግራሩ ሲወድቅ ጀርባቸውን ይሰጡት ነበር። ጥዷን ግን አላስነኩም። «ከሰው ዛፍ ይበልጥባቸዋል» ብሎ ሰፈሩ ያማቸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር እኔም በልቤ ብያለሁ። ሰዉ ወደ ቀየው ሲመለስ ባዶ ተረተር ቀራቸው። በዚያ ዕድሜያቸው እንደገና ጉድጓድ ቆፈሩ።

ለምን ወደ ልጅዎ አይሄዱም ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያቸዋለሁ። «ስትጠራኝ እምቢ አልኩ። አሁን ሳልጠራ በምን አፌ እሄዳለሁ?» አሉኝ። ኩራት ነበረባቸው፤ አልደብቅሽም። በዚህ ፍርድ መስጠት የእኔ አይደለም። ግን ቅዳሴ ላይ ቆሜ እንኳ አስባለሁ፦ ያን ጊዜ ዝም ከምል ጎተት አድርጌ መኪና ላይ ባስቀምጣቸውስ?

ሲታመሙ፣ «ሣጥን አልፈልግም፤ ሰሌን ይበቃኛል። ሰማንያዋን አደራ» አሉኝ። ቀልዳቸው መስሎኝ ነበር።

ያረፉ ዕለት መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ አንቺም ያልደረስሽው በዚያ ነው። ከተማው ውስጥ ጣውላ የለም፣ ያለው ባሕር ዛፍ ለማገር እንጂ ለሣጥን አይሆንም። ካሤ አናጢውን የሻምበልን ይዞ መጣ። የሻምበል ጥዷን ዞሮ አየና በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ይህች ብቻዋን ትበቃለች» አለ። እኔ የተናዘዙትን ብናገር ካሤ፣ «አንተ ዘበኛ ነህ፤ የወንድሜን ክብር አታስተምረኝም» አለኝ። ዘበኛስ ነኝ። ፈቀቅ አልኩላቸው።

ይህን ጊዜ የክርስትና እናትሽ እማማ ይታየሽ ከለቃሾቹ መካከል ተነሡ። ዓይናቸው ከጠፋ ቆይቷል፤ በሰው ትከሻ ተመርተው መጡና ግንዷን ዳሰሱ። «ይህችን ነው? ይህችንስ አይሆንም» አሉ። «ልጅቱን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና አስነሥተን ስንመለስ፣ እሱ እዚህ ጉድጓድ ምሶ ቆየን። ችግኟን ሲተክል ሕፃኗ በእኔ እቅፍ ነበረች። ፀጉሯ ገና አልደረቀም ነበር» አሉ።

የሻምበል መጋዙን ወደ ጆንያው መለሰ። ካሤ አንገቱን ደፋ። ለካ ሰማንያዋ እያልን የሳቅነው በአንቺ ነበር።

ሰሌኑም ከገበያ የተገዛ አይደለም። በዚያ ክፉ ዘመን ግራሩን ያሸከሟት ይመኙሻል የምትባል ሴት መታመማቸውን ሰምታ ከአበርገሌ በእግሯ ይዛው መጣች። አባታችን ብላ ነው ያለቀሰችው።

ካሤ ያን ዕለት ትቷት፣ አሁን ወራሿ ራሷ ፈቅዳለች ይላል። እማማ ይታየሽ ያሉትን አልነገረሽ ይሆናል ብዬ ነው መጻፌ። ውኃውን ጠዋት ጠዋት እኔ አጠጣለሁ። እንዴት አደርሽ እላታለሁ። ስለ ኩርፊያዋ አልጠይቃትም፤ ያ የእሳቸው ነበር።

ቅዳሜ ከኪዳን መልስ ከሥሯ እቀመጣለሁ። ቁረጡ ካልሽ፣ ስትወድቅ የአባትሽን ቤት ክዳን እንዳትመታ ገመዱን እኔው እይዛለሁ። ተዉአት ካልሽ ለጌታሰው አንዲት ቃል ንገሪው፤ ለካሤ አደርስልሻለሁ። የቤቱ ቁልፍ እኔ ዘንድ ነው። ለአርባው አልጋው ይነጠፋል፤ የምትመጪ እንደሆነ ልጆቹ ወፍራም ልብስ ይያዙ፣ ደጋው ይበርዳል።

የአባትሽን ነፍስ ከደጋጎቹ አጠገብ ያሳርፍልን። ቤትሽን ከክፉ ይሰውርልሽ፣ ልጆችሽን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ፣ መንገዱንም ይክፈትልሽ። አሜን።

እስክትመጪ፣

የአባትሽ ጥበቃ