ብርቱካኗ የደበቀችው ጨው

ሰኞ፣ የካቲት 9

ቅጠሏ ረገፈ። ጠዋት በሩን ስከፍት መሬቱ ቢጫና ቡናማ ሆኖ ጠበቀኝ። ክው አልኩ። ባለፈው ሳምንት እኮ ጥቁር አረንጓዴ ነበረች! አልማዝ ከመሞቷ በፊት በገዛ እጇ የተከለቻት ብርቱካን ናት። ከሚስቴ የቀሩኝ ልጃችን ሰናይትና ይህቺ ዛፍ ናቸው።

ቅጠሉን ጠርጌ አቃጠልኩና አመዱን እንደ ሁልጊዜው ግንዷ ሥር ነሰነስኩላት። አመድ ለዛፍ ፍቱን ነው። ከጉድጓዴም ሦስት ባልዲ አጠጣኋት። ጾም ገብቷል፤ ሹሮዬን ሠርቼ በላሁ።

ማክሰኞ

ገመዳ ከአጥሩ በላይ ብቅ አለ። ወንጂ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ አብረን ያረጀን፣ አሁን ጎረቤቴ ነው። «አካም ቡልቴ» ብሎ እንደ ልማዱ በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አለኝና ዛፏን አየ።

«ውኃህ ጨው አለው ብዬህ አልነበር?»

«አራት ወር ስትጠጣው ምን ሆነች? አረንጓዴ አልነበረችም?»

«አንተስ ከበቅሎ ትብሳለህ። በቅሎ እንኳ አሽትታ ነው የምትጠጣው።»

ትቼው ገባሁ። ቧንቧ በፈረቃ ሲሆን የሰው ደጅ አልጠናም ብዬ ነው በዚህ ዕድሜዬ ጉድጓድ ያስቆፈርኩት። ጨዋማነቱን መች አጣሁት? ሹሮ ስሠራበት ጨው አልጨምርም፤ እንዲያውም ተገላገልኩ። እኔን ያልገደለኝ እሷን ምን ያደርጋታል?

ረቡዕ

ዛሬም ረገፈ። የቀረውም ጫፉ እሳት የላሰው መስሏል። አዲስ ቀንበጥ አንድም የለም። ሞጆ ባዮሎጂ ለምታስተምረው ለሰናይት ደወልኩ። «ቅዳሜ እመጣለሁ፤ እስከዚያ ከጉድጓዱ አያጠጧት» አለችኝ። እሷም!

ሐሙስ

አላጠጣሁም። ፈርቼ አይደለም።

ቅዳሜ

ያየሁትንና የሰማሁትን እስካሁን ማመን አቅቶኛል።

ሰናይት ውኃውን ቀምሳ ተፋችው። ከዚያ አንድ ቅጠል አንስታ አስረዳችኝ። ቅጠል በዓይን በማይታዩ ሕዋሶች የተሠራ ነው አለች። በእያንዳንዱ ሕዋስ ውስጥ ቫኪዩል የሚሉት የውኃ ከረጢት አለ። እንደ ጎተራ ነው፤ ምግብ ሲተርፍ ያስቀምጣል፣ ሲጎድል ያወጣል። በውኃ ሲወጠር ነው ቅጠሉ ቀጥ የሚለው፣ ቀንበጡም የሚለጠጠው። የሚጎዳ ጨው ሲመጣ ደግሞ ሌላውን እንዳይነካ እዚያው ይቆልፍበታል።

«አራት ወር ሙሉ ጨውዎን ስትደብቅልዎ ነበር አባዬ። አረንጓዴ የነበረችው ተስማምቷት አይደለም፤ መደበቂያ ቦታ ስለነበራት ነው። አሁን ሞላባት። ጨው ሲበዛ ሥሯም ሌላውን ምግብ እንደ ልብ አይስብም፤ እድገቷ የቆመው ለዚህ ነው።»

«ታዲያ መርገፉስ?»

«ጨው የሞላውን እየጣለች ነው፣ ራሷን ለማትረፍ። የረገፈውን የት ነው የሚያደርጉት?»

አመዱን አሳየኋት።

«አባዬ!» ብላ አፏን ያዘች።

ቅጠሉ ይቃጠላል እንጂ ጨው አይቃጠልም። የተፋችውን መልሼ ሳጎርሳት ከርሜያለሁ።

ደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። አልማዝም ታማ ሳለ «ደህና ነኝ» ትለኝ ነበር። ፊቷ ሲበራ አይቼ አመንኳት።

እሑድ

ገመዳ ደጅ ቆምኩ። እሱ ቧንቧ ሲመጣ የሚሞላው ታንከር አለው። «ውኃ ስጠኝ» አልኩ በመጨረሻ።

«ለአንተ ነው ለዛፏ?»

«ለዛፏ።»

«ለዛፏማ ውሰድ። ለአንተ ቢሆን እስኪመሽ አስለምንህ ነበር።» ይህን እያለ ጀሪካኑን ራሱ ተሸክሞ መጣ።

አመዱን ከነአፈሩ ጠርገን አወጣን። ጨዉን ወደ ታች አጥቦ እንዲያወርደው ስምንት ጀሪካን ቀስ እያልን አፈሰስን። ሰናይትን ትድናለች ወይ ብዬ ጠየቅኳት። «አዲስ ቅጠል ካወጣች አዎ። አሁን ግን አላውቅም አባዬ» አለች። ደህና ናት ብላ አላባበለችኝም፤ ወደድኩላት።

በተረፈው ውኃ ሹሮ ሠራሁ። ሰናይት ቀመሰችና በሳቅ ፈነዳች። ጨው የለውም! ቤት ውስጥም ቅንጣት ጨው የለም። ጨው ልለምን በአንድ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ ገመዳ ደጅ ሄድኩ።

ሲመሽ አንዲት ቅጠል ወደቀች። አንስቼ ከአጥሩ ውጭ፣ ርቄ ጣልኳት። ገና እየታገለች ነው ማለት ነው።