ከፋሲካ በኋላ ስለተመረቀው ሕክምናና ስለ ወንድሜ ስለ ባዩ እጅ

ይድረስ ለአዲሱ ሆስፒታላችን ክቡር ሥራ አስኪያጅ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እንቅልፍዎ የሰላም፣ ምግብዎ የሚስማማ ይሆን ዘንድ የዘወትር ምኞቴ ነው። እኔ በጉና ግርጌ በምትገኝ ደብር የዜማ መምህር ስሆን፣ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍሁልዎ ውለታዎ በጓዳ ተመስግኖ የሚያልቅ ስላልሆነ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። ገበሬው ወንድሜ ባዩ አምና በቅበላ ሰሞን ከበቅሎ ወድቆ የቀኝ እጁ አንጓ ሲሰበር፣ የአገሩ ወጌሻ አያ ይርጋ ቅቤና የቀርከሃ ስንጥራቸውን ይዘው ደርሰው ነበር። ሆኖም ሆስፒታልዎ በየገበያው በድምፅ ማጉያ ስብራት ወጌሻ እንዳናስነካ አስተምሮን ስለነበር፣ ሽማግሌውን ከደጅ መልሰን ወደ እናንተ መጣን። እናንተም ሥጋው በሰፊው ሳይከፈት፣ በጣት በምትሸፈን ቀዳዳ ብረት አስገብቶ አጥንት የሚጠግን አዲስ ሕክምና መምጣቱን ነግራችሁ ደስ አሰኛችሁን። ሐኪሙም ብረቱም በግቢው ውስጥ ነበሩ።

ሁለተኛ፣ ስለ እንግዳ አክባሪነትዎ። ሕክምናው በክብር እንግዳ ሳይመረቅ እንዳይጀመር፣ ባዩም የመጀመሪያው ታካሚ ሆኖ በእንግዳው ፊት እንዲቀርብ አዘዙ። ሁዳዴ ስለገባና ትልቅ ሰውን በሽሮ ማስተናገድ ነውር ስለሆነ ደግሞ፣ ምረቃው ሰንጋ እስከሚጣልበት እስከ ፋሲካ ማግስት ተላለፈ። የወንድሜ እጅ በጀሶ ታስሮ በሬው እስኪሰባ ጠበቀ። አጥንት ጾም እንደማያውቅ የነገረዎ ሰው ባለመኖሩ አዝናለሁ፤ እርሱ ፍስኩን ሳይጠብቅ በጀሶው ውስጥ ጠምሞ ገጠመ።

ስለ በዓሉ ድምቀት ምን እላለሁ? ስለ ትንሿ ቀዳዳ ያደረጉት ንግግር እጅግ ረጅም ነበር፤ በዕለቱ የተቆረጠው ግን ሪባኑና ጥሬ ሥጋው ብቻ ነው። ባዩ ከእንግዳው ጎን ቆሞ ፎቶ ተነሣ። ሐኪሙ ጀሶውን የፈታለት እንግዳው ከሄዱ በኋላ ሲሆን፣ አጥንቱ እንደገና ተሰብሮ ሥጋው በሰፊው ካልተከፈተ እንደማይቃና፣ ያንንም እናንተ እንደማትሠሩ ያን ጊዜ ነገረን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

ሦስተኛውን በምስጋና ላስጌጠው ብሞክር አልሆነልኝም። ባዩ እርፍ መጨበጥ አይችልም። መሬቱን የእኩል ሰጥቶ፣ በገዛ ማሳው ዳር ተቀምጦ የሌላ ሰው ጅራፍ ሲጮህ ይሰማል። አያ ይርጋን በመንገድ ሲያገኛቸው ከእፍረቱ የተነሣ ቀና ብሎ አያያቸውም። ለጠላት መጸለይ እንደሚገባ ደቀ መዛሙርቴን አስተምራለሁ፤ የእርስዎ ስም ላይ ስደርስ ግን ዘልዬው አልፋለሁ።

ለሚቀጥለው ምረቃዎ የሰባ ሰንጋ፣ የተሳለ መቀስና ትዕግሥተኛ በሽተኛ እንዳይታጣ እየተመኘሁ፣ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣዎ፣

መሪጌታ ገብረኪዳን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያ ፎቶ «የመጀመሪያው ተጠቃሚ» ተብሎ በሆስፒታሉ በር ላይ ስለተሰቀለ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ባዩ ድኗል ብሎ ዘንድሮ ለእርከን ሥራ አካፋ ይዞ እንዲወጣ አዝዞታል። ስለዚህ ፈጽሞ እንዳላከማችሁት በማኅተም አረጋግጣችሁ እንድትጽፉለት በትሕትና እንለምናለን። ወረቀቱን ሊቀበል ሲመጣ ግራ እጁን ብቻ ቢዘረጋልዎ፣ እባክዎ እንደ ብልግና አይቁጠሩበት።