ዘጠኙ የጎራዴ ስልት በአንዲት ክፍል

ሰኞ

ስድስተኛው ስልት ላይ ዛሬም እግሬን አየሁ። አጎቴ ጋሼ ደምሴ በዱላው ጫፍ አገጬን ቀና አደረጉና "ጠላትሽ መሬት ላይ ነው የተኛው?" አሉኝ። ጎራዴያችን ዱላ ነው፣ ጋሻችን ሰፌድ።

ጋሼ የቤተ መንግሥት ዘበኛ ነበሩ። ጣሊያን ጓደኞቻቸውን እየለቀመ ሲወስድ አምልጠው እኔ ቤት ከገቡ ወር ሊሞላ ነው፤ ከዚህች ክፍል ወጥተው አያውቁም። እኔስ ብሆን? ከጉለሌ መውጫው ላይ ኬላ አለ፣ ወረቀት የሌለው አያልፍም። እንጦጦን በበሩ ስንጥቅ እናየዋለን። የጋሼ ሰዎች እዚያ ጫካ ውስጥ ናቸው። ዘጠኙን ሳልሳሳት ስጨርስ ወደ እነሱ ይወስዱኛል። በየት በኩል እንደምንወጣ ግን ሁለታችንም አናነሳም።

ማክሰኞ

እግር ካልመታ ስልት አይደለም ይላሉ ጋሼ። ግድግዳው ደግሞ ጭቃ ነው፣ ሁሉን ያሰማል። ደግነቱ ግቢ የምንጋራው ሸማኔ ጋሽ ሻኖ እኛ ስንረግጥ የሽመና እቃውን ይመታልናል። ከእኛ ጋር ሲቆምና ሲፈጥን ድሩ እየተበጠሰ አስቸገረው፣ ስለዚህ የሚመታው ባዶውን ነው። ቀኑን ሙሉ ኳ ኳ፣ ሸማ ግን የለም። ማን ልብ ይላል ብለን ነበር።

ረቡዕ

ልብ ተባለ።

ወይዘሮ አስካለ መጣች፤ ከኬላው ማዶ የምትኖረው፣ የጣሊያኖቹ አስተርጓሚ ሚስት። አዲስ ጃንጥላ ይዛለች። ጫማዋ እየጠበባት ታነክሳለች፣ ግን አታወልቅም። (ለውሃ ቀጂዋ ሳይቀር በጣሊያንኛ "ግራዚየ" ብላ ታመሰግናለች አሉ።) ያዘዘችውን ነጠላ ጠየቀች። ጋሽ ሻኖ ፈትሉ ተበላሸ አላት።

"ባለፍኩ ቁጥር ስትመታ እሰማሃለሁ" አለችው። "ታዲያ ምኑን ነው የምትሠራው?"

ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ጥጥ እፈትላለሁ። እንዝርቱ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። ከኋላዬ የጋሼ ትንፋሽ እንኳ የለም።

በመጨረሻ ፈረደች፦ ቅዳሜ እቃውን ነቅሎ እሷ ግቢ ይትከልና ዓይኗ ሥር ይሥራ።

ሐሙስ

ሰባተኛው ተሳካ! ሦስት ጊዜ፣ እግሬን ሳላይ። ጋሼ ግን አልተደሰቱም። እቃው ከሄደ የእግራችንን ድምፅ የሚሸፍን የለም። ሴትዮዋም አንዴ ጠርጥራለች፤ ባሏን ይዛ ብትመጣ መግቢያ የለንም። ምሳ ሳንበላ ዋልን።

ከሰዓት በኋላ የአስተርጓሚው ወረቀት መጣ፤ ለሸማኔውና ለሁለት ተሸካሚዎች ማለፊያ። ጋሽ ሻኖ አስነበበኝና ራሱን አከከ።

"ሁለት ተሸካሚ ይላል" አለ። "እኔ ደግሞ ተሸካሚ የለኝም።"

 ጋሼ ቀድመው ሳቁ።

ዓርብ

ዛሬ ተማሪው ጋሼ ናቸው። ጋሽ ሻኖ እንጨቱን ትከሻቸው ላይ ጫነና ከግድግዳ ግድግዳ አመላለሳቸው። አንገታቸው አልሰበር አለ። ደረታቸው ገና ንጉሥ ፊት የቆመ ይመስላል።

"ጋሼ፣ እንደዚህ ከሄዱ የኬላው ዘብ ራሱ ሰላምታ ይሰጥዎታል" አልኳቸው።

ተቆጡ። ሠላሳ ዓመት ቀጥ በል የተባለ ሰው በአንድ ቀን አይጎብጥም አሉ። ጉልበትዎን ያላሉት፣ ዓይንዎን ከፊትዎ ሰው ተረከዝ ላይ ያድርጉ፣ አልናቸው። ወደ ማታ ደህና ሆኑ። ለእኔ ግን ያ ጎባጣ ሰውዬ ባዕድ ሆነብኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ።

ቅዳሜ

አለፍን።

ዘቡ ወረቀቱን ገልብጦ ያዘው፣ ማንበቡንም እንጃ። ጋሼን በእግሩ ገፋ አድርጎ "ፍጠን ሽማግሌ" አላቸው።  ጋሼ ግን ይበልጥ ጎበጡና አለፉ።

ከወይዘሮ አስካለ ጓሮ ቀጥሎ ወንዙ ነው፣ ከወንዙ ማዶ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ። አብረን ልንሄድ ነበር። እሷ ግን አወቀችኝ። "አንቺ ፈታይዋ አይደለሽም? ተቀመጪ፣ ለነጠላዬ ትፈትያለሽ።" ከጎኔ ወንበር አስመጥታ ተቀመጠች።

ጋሼ ገመድ የሚሰበስቡ መስለው አጠገቤ ጎንበስ አሉ። "ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን መጥተሽ ውሰጂ" አሉኝ። ከዚያ ወደ ጓሮ ዞሩ። ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም፣ ሴትዮዋ ስለ ጫማዋ እያወራችኝ ነበር።

ማታ ስንመለስ ዘቡ ሽማግሌውስ አለ። ጋሽ ሻኖ ወይዘሮዋ ለሥራ አስቀሩት አለው። አሳለፈን።

ክፍሏ ሰፋችብኝ። ዱላውን አነሳሁና መልሼ አስቀመጥኩት። ወይዘሮ አስካለ ሰኞ ተመልሰሽ ትፈትያለሽ ብላኛለች፤ ከጎኔ ትነሳ እንደሆነ፣ አትነሳ እንደሆነ አላውቅም። የኬላው ማለፊያ ወረቀት ግን እኔ ጋ ነው።