ኃይለኛ ውሻ አለ

የካ አባዶ
ማክሰኞ፣ ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዲንዬ፣ ለቤቴ ንግሥት፣

እንዴት ነሽልኝ? ሆድሽ ውስጥ ያለውስ? ይራገጣል? ከተራገጠ የኔ ልጅ ነው። ካልተራገጠም የኔው ነው፣ ጉልበት እያጠራቀመ ነው። እናትሽን እማማ ሙሉን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። በኔ እንዳዘኑ አውቃለሁ፣ አንቺ ግን ሳሚልኝ፣ ላንቺ ጉልበታቸውን አይከለክሉሽም።

ስልኬን ብሎክ ካረግሽው ሁለተኛ ወሩ ነው። በሰው ስልክ ስደውልም ድምፄን እንደሰማሽ ጥርቅም። ስለዚህ ደብተር ገዛሁና ይኸው ተቀመጥኩ። ከሰባተኛ ክፍል በገዛ ፈቃዱ የወጣ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ አይገርምሽም? በገዛ ፈቃዴ እንኳን አይደለም፣ ሁለቴ ወድቄ ነው። አየሽ? ዛሬ እውነት እውነቱን ነው የማወራሽ። ለምን እንደሆነ ትደርሺበታለሽ።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። ኮማንዶ ይኑር ወይ ይሂድ የሚለው ነገር አንቺ እጅ ላይ ወድቋል። እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ የብሎካችን ስብሰባ ነው የወሰነው። እስከ እሁድ መልስሽን ይጠብቃሉ። ዝም ካልሽ ውሻው ይወገዳል ተብሏል። ፒትቡል እንደሆነ ታውቂያለሽ። ለሰው ልስጠው ብል ሰው ወይ ፈርቶ እምቢ ይለኛል፣ ወይ ከሌላ ውሻ ጋር ሊያደባድበው ነው የሚወስደው። የቀረው የሞት መርፌ ነው።

ያመጣሁት ቀን በሩ ላይ ቆመሽ "ይሄ ምንድነው፣ ጥጃ ነው?" ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? እኔ ደግሞ ደረቴን ነፍቼ፣ ቦሌ በር የገጠምንላቸው ቪላ ሌባ ገብቶ ኮማንዶ ጭኑን እንደዘነጠለው፣ ጌትየው ክስ ፈርተው "እዝራ፣ ይሄን አውሬ ካንተ ሌላ ወንድ አይችለውም" ብለው እንደሰጡኝ ነገርኩሽ። በዚያው ሳምንት በፋሻ ታስሮ የመጣውን ክንዴንም "ስገራው ነክሶኝ ነው" አልኩሽ።

ይሄን ወሬ ላንቺ ብቻ ነግሬሽ ቢቀር ጥሩ ነበር። ግን ታውቂኛለሽ። ብሎኩን በሙሉ ነገርኩ። ታክሲ ሰልፍ ላይ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ነገርኩ። ጎሮ ከወርክሾፑ ላሜራ ቆርጬ፣ በቀይ ቀለም "ኃይለኛ ውሻ አለ" ብዬ ጽፌ፣ ታፔላውን ብረት በራችን ላይ በየድኩት። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ! ሺህ ካሬ ግቢ እንዳለው ሰው!

ከኮማንዶ በፊት እኮ እዚህ ስሜን የሚያውቅ አልነበረም። የኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አያሌው "አንተ በያጁ" ነበር የሚሉኝ። ሰው ሁሉ የቢሮ ሠራተኛ ነው፣ እኔ ጥላሸት ለብሼ ስገባ ልብሳቸውን ሰብሰብ ያደርጋሉ። ውሻው ከመጣ በኋላ ግን ደረጃ ላይ ጥግ ይይዙልኝ ጀመር። "እንደምን ዋልክ እዝራ" ተባልኩ። ለኔ የሚቆሙ መስሎኝ ነበር።

ኮማንዶን ግን አንቺም አታውቂውም፣ አንድ ቀን እንኳ በኔ ወሬ የተነሳ አልቀረብሽውም። ሰውየው ፌስታል በነፋስ ሲንኮሻኮሽ ከሶፋው ኋላ ነው የሚደበቀው። "ኮማንዶ" ብትዪው ጆሮውን አያነሳም። "ቡቺ" ሲባል ነው የሚሮጠው። ልብ በይ፣ መኝታ ቤት አይገባም። እሱን ከመጀመሪያ ቀን አስተምሬዋለሁ።

አሁን ስብሰባውን ያመጣውን ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ፣ አራተኛ ፎቅ ያሉት እትዬ አዝመራ ከሾላ ገበያ ዘንቢል ይዘው ሲመጡ ደረጃ ላይ ተገናኘን። ማሰሪያው እጄ ላይ አልነበረም፣ ትከሻዬ ላይ ጥዬዋለሁ፣ ለስታይል። ኮማንዶ ዘንቢሉ ሸተተውና ጅራቱን እየቆላ ሊቀበላቸው ሄደ። "በስመአብ!" ብለው ወደ ኋላ ሲሸሹ ወደቁ። የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። ቲማቲሙ እስከ ምድር ተንከባለለ። ኮማንዶ ጩኸቱን ሲሰማ ከኔ ቀድሞ ቤት ገብቶ ተደበቀ። አቅፌ ሐኪም ቤት ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ጄሶ ሲታሰርላቸው አንዴም አልሰደቡኝም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

እሁድ ከሰዓት ግቢው ውስጥ ፕላስቲክ ወንበር ተደረደረ። ውሃ ሦስት ሳምንት ጠፍቶ እንኳ እንደዚያ ሰው ወጥቶ አያውቅም።

አንዱ ተነሳና "ይሄ ዘር መንጋጋው ይቆለፋል፣ አንዴ ከነከሰ በፌሮ ነው የሚፈለቀቀው" አለ። አንዷ ደግሞ "ውጭ አገር በሕግ ክልክል ነው፣ ቲክቶክ ላይ አይቻለሁ" አለች። ከኋላ ሌላ ድምፅ፣ "የቦሌ ሀብታሞች ለፋሽን ያመጡታል፣ ሲሰለቻቸው ወደኛ ይወረውሩታል!" ይሄኛው እንኳ እውነት አለበት። ምድር ላይ ሱቅ ያለው አብዱራሕማን ተነሳ። "ወላሂ እኔ ለእንስሳው አንጀቴ ይንሰፈሰፋል። ግን ልሰግድ በወጣሁ ቁጥር ልብሴን ይልሰዋል። ሰባት ሰባት ጊዜ ሳጥብ ልኑር? ውሃው መጣ ሲባል እንኳ እኮ በጀሪካን ነው!" ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ከዚያ እትዬ አዝመራ ተነሱ። ጄሶው በነጠላ አንገታቸው ላይ ታስሯል። "እኔ ቂም የለኝም" አሉ። "ልጅ ሆኜ ያበደ ውሻ ነክሶኝ እምብርቴ ዙሪያ አስራ አራት መርፌ ተወግቻለሁ። ዛሬም ውሻ ባየሁ ቁጥር እዚህ ጋ ያመኛል" ብለው በደህናው እጃቸው ሆዳቸውን ያዙ።

ዲንዬ፣ ኮማንዶ ባጠገብሽ ባለፈ ቁጥር አንቺም ልክ እንደዚያ ነበር ሆድሽን የምትይዢው። እኔ አይቼ "ፈሪ" እያልኩ እስቅብሽ ነበር።

አቶ አያሌው ደብተራቸውን ከፈቱ። "ማስረጃው ከባለቤቱ አንደበት ነው" አሉ። "የሌባ ጭን ዘንጥሏል ብሎ ለዚህ ሁሉ ሰው ተናግሯል። የተነከሰ ክንዱን አሳይቷል። በሩ ላይ በብረት ጽፎ በይዷል። ሌላ ምስክር ያስፈልጋል?"

"አያስፈልግም!" አለ ሰው ባንድ አፍ።

እኔ ተነሳሁ። "ዋሽቼ ነው" አልኩ። "ውሻው ሌባ አልነከሰም። እሱ እንኳን ሌባ፣ አጥንትም በደንብ አይነክስም።"

ታምኛለሽ? አንድም ሰው አላመነኝም! አቶ አያሌው መነጽራቸውን አውልቀው "ልጄ፣ ያንን ሁሉ ስታወራ አምነንሃል። ዛሬ ውሻውን ለማትረፍ ዋሸህ ብንልህ አትቀየመን" አሉኝ። በሕይወቴ ያወራሁት እውነት ትንሽ ነው፣ እሱንም የሚገዛኝ አጣሁ።

ምን ላርግ? ስልኬን አውጥቼ ለተስፉ ደወልኩ፣ የዚያ ቪላ ዘበኛ ነው። ላውድ ላይ አረግኩት።

"ተስፉ፣ ያ ሌባ የገባ ቀን ኮማንዶ ምን አረገ?"

"ኮማንዶ ማነው?"

"ውሻው! ፒትቡሉ!"

"እእ፣ ያ!" ብሎ ሳቁን ለቀቀው። "ምን ያረጋል፣ ጅራቱን እየቆላ ተቀበለዋ! ሌባው የመኪናውን ጎማ ሲፈታ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያየዋል፣ በካሜራ አይተነዋል እኮ። ሲጨርስ እስከ በር ሸኘው። ጌቶች 'ይሄ ውሻ ነው ወይስ እንግዳ ተቀባይ? ነገ መርፌ ይወጋ' ሲሉ አይደል አንተ በር እየገጠምክ ሰምተህ፣ እያለቀስክ..."

"እሺ ተስፉ፣ ይበቃል።"

"እንዴ፣ አላለቀስክም እንዴ?"

"ተስፉ፣ ቻው!"

ተስፉ ማጋነን ይወዳል፣ አትስሚው።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አብዱራሕማን ከወንበሩ ወደቀ። "ክንድህስ?" አሉኝ። "ግራይንደር ነው፣ ዲስኩ ተሰብሮ" አልኩ። እንደገና ሳቅ። እኔ እዝራ፣ ሰፈር የሚፈራኝ ሰውዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር።

ያልሳቁት እትዬ አዝመራ ብቻ ናቸው። አዩኝና "ባለቤትህስ?" አሉኝ። "የመጀመሪያ ልጅ ነው፣ እናቷ ጋ ልትወልድ ሶዶ ሄደች ብለኸን ነበር።"

ለሱም መልስ ነበረኝ፣ መልስ አጥቼ አላውቅም። ግን ጄሶውን ሳየው ከአፌ አልወጣ አለ።

"ለመውለድ አይደለም የሄደችው" አልኩ። "ሰው ዘንጥሏል ብያት ነው። 'ልጄን ይዤ ሰው ከበላ ውሻ ጋር አንድ ቤት አላድርም' አለችኝ። ሻንጣዋን ስታዘጋጅ 'ዋሽቼሽ ነው' ማለት አንድ ቃል ነበረች። ያቺ ቃል አቃተችኝ። ወንድ ነኝ ብዬ ዝም አልኩ። ሻንጣዋን ተሸክሜ ታክሲ ድረስ ሸኘኋት።"

ድምፄ እዚህ ላይ ትንሽ ተሰበረ። ትንሽ ነው። ጉንፋን ይዞኝ ነበር።

እትዬ አዝመራ ወደ አቶ አያሌው ዞሩ። "ይሄን ውሻ እኛ አንፈርድበትም" አሉ። "በወሬው ከቤቷ የወጣችው እሷ ናት። እውነቱ ይነገራት። እሷ ይኑር ካለች እኔም ከነጄሶዬ እስማማለሁ። አልፈልግም ካለች ግን ይሂድ፣ ማንም አይሟገታት።" እጅ ወጣ። አቶ አያሌው ቃለ ጉባኤ ላይ ጻፉት። ስሜንም ጠይቀው "እዝራ" ብለው ጻፉ፣ ከነአባቴ ስም።

ቢኖር ደግሞ እንዲህ ይሁን ተብሏል። ደረጃ ላይ በማሰሪያና በአፍ መሸፈኛ፣ ማሰሪያው እጄ ላይ። ለአብዱራሕማን ሰዓቱን ጠብቄ እንዳላወጣው ቃል ገብቻለሁ። ትላንት ወስጄ አስከተብኩት። የእንስሳት ሐኪሟን "እውነት መንጋጋው ይቆለፋል?" ብያት ሳቀችብኝ። "የሚቆለፍ መንጋጋ የለም" አለችኝ። "ግን ጉልበተኛ ነው፣ ከነከሰ ከሌላው ይብሳል። ገራም ነው ብለህ እንዳትዘናጋ። ሕፃን ሲመጣ ደግሞ ለደቂቃም ብቻቸውን እንዳትተዋቸው። ይሄን ብቻ አይደለም፣ የትኛውንም ውሻ።" እንዳለችው ነው የጻፍኩልሽ። ምንም አልጨመርኩበትም።

ታፔላውን ዛሬ ጠዋት በግራይንደር ቆርጬ አነሳሁት። ምልክቱ ቀርቷል፣ ቀለም እቀባዋለሁ።

አሁን እንግዲህ አንቺ ነሽ። ይኑር ካልሽ አለ። አልፈልግም ካልሽ አልለምንሽም፣ አንቺንም አላሳብብም። ለማንም አልሰጠውም፣ እኔው ነኝ ይዤው የምሄደው፣ ሲወጉትም ጭንቅላቱን የምይዘው እኔ ነኝ። ሰው "ምን ሆነ?" ቢለኝ "እኔ ዋሽቼ ነው" እላለሁ። ትመጪ ወይ ብዬ አልጠይቅሽም፣ ስብሰባው እሱን አልጠየቀም። ይሄን ደብዳቤ ለሶዶው አውቶብስ ሹፌር ነው የምሰጠው፣ መልስሽን ለሱ ስጪው፣ ቅዳሜ ይመለሳል። ወይም የስልኬን ብሎክ ፍቺውና አንድ ቃል ላኪልኝ።

እኔ ደህና ነኝ፣ ስለኔ አታስቢ፣ እንደብረት ነኝ። ኮማንዶ ነው ያስቸገረኝ። ናፍቀሽዋል። ማታ ማታ እህል አልበላ ብሏል። ሽሮ ሲሠራ ጨው ይረሳል። ቸርች ሄዶ መዝሙር ሲጀመር አፉ አልከፈት ይለዋል። ነጠላ ጫማሽ አልጋው ስር እንደተውሽው ነው፣ ማንም አልነካውም፣ አቧራውን ብቻ በየጠዋቱ ይጠርግልሻል።

ጌታ በሰላም ይገላግልሽ። ለእማማ ሙሉ ዕድሜ ይስጥልኝ። ልጁ ሲመጣ፣ አንቺ ባትነግሪው እንኳ፣ አባቱ አንድ ቀን በሰው ፊት እውነት እንደተናገረ እማማ ይንገሩልኝ።

ያንቺው በያጅ፣
እዝራ