ሚስ ታርበል «አዎ» ሲሉ

ሰኞ፣ መስከረም 26 ቀን 1979

ሚስ ታርበል አእምሯቸውን አልሳቱም። በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ይህ ነው። የተያዘው አንደበታቸው ነው። የሚባሉትን ይሰማሉ፤ ይገባቸዋል፤ ይቀየማሉ፤ ይስቃሉም። መናገር ብቻ አቃታቸው።

ይህን ለማን ነው የምጽፈው? ለራሴ። ደሴ ሠላሳ ዓመት ሂሳብ ሳስተምር የተረጋገጠውን ካልተረጋገጠው ለይቼ መያዝ ልማድ ሆኖብኝ ቀረ። ጡረታም አላስተወኝም።

ሲያትል ዛሬም ዝናብ ነው። ልጄ ፈትሂያ በጠዋቱ ወደ ሆቴል ሥራዋ ሄደች። ቤት አጸዳሁ፣ ምስር ለቀምኩ፣ ዙህር ሰገድኩ። ከዚያ እንደ ወትሮው ሾርባ ይዤ ወደ ሚስ ታርበል ቤት አንድ ፎቅ ወረድኩ። በሩን ሳንኳኳ ከውስጥ ድምፅ መጣ።

«ጫማህን ጥረግ፣ ጌታው!»

በነሐሴ ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ የቀረችላቸው ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። ሾርባው ሲጣፍጣቸው እሷን ይላሉ። ክንዳቸውን ሲያማቸውም እሷን። የሚገርመው... በዕድሜያቸው እንደዚህች ዓረፍተ ነገር የጠሉት ነገር የለም።

ረቡዕ፣ መስከረም 28

ከመታመማቸው በፊት የነገሩኝን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ። ሊጠፋብኝ ይችላል። የኔ እንግሊዝኛ የመማሪያ መጽሐፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ ቀስ እያሉ ነበር የሚያወሩኝ።

ወጣት ሳሉ የፊልም ተዋናይ ነበሩ። ፊልም ገና ድምፅ ሳይኖረው። ኢሎዊዝ ታርበል ሲባል ሰው ተሰልፎ ቲኬት ይገዛ ነበር። ግድግዳቸው ላይ የዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ አለ። አንገታቸውን ዞር አድርገው፣ ጥሏቸው የሚሄድ ሰው የሚያዩ ይመስላሉ። ሰውየው ፎቶው ላይ የለም። ግን ይታያል።

ከዚያ ፊልሙ ድምፅ አወጣ። የሳቸው ሥራ ቀረ። ብዙ ዓመት ሱቅ ውስጥ ጓንት ሸጡ። ካረጁ በኋላ የቴሌቪዥን ሰዎች አንድ አስቂኝ ድራማ ውስጥ አስገቧቸው። ቤት አከራይ ሆነው፣ መጥረጊያ ይዘው በር ላይ ቆመው በየሳምንቱ ያችኑ ይጮኻሉ። አገር ሳቀ። ፊታቸው የታተመበት የእግር መጥረጊያ ምንጣፍ ሳይቀር ተሸጠ።

«ዱሮ ሰው ጨለማ ውስጥ ተቀምጦ፣ ትንፋሹን ውጦ ፊቴን ያይ ነበር» አሉኝ አንድ ቀን። «አሁን ጭቃውን ይጠርግበታል።»

አልሳቁም። እኔም አልሳቅኩም።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ዓብዱረዛቅን አገኘሁት። የኛው ሰው ነው፣ ታክሲ ይነዳል፣ ከጎናችን ነው የሚኖረው።

«እትዬ ጀውሃራ፣ ዛሬም ጫማዎን አስጠረጉዎት?»

«አንተን ቢያስጠርጉልኝ ኮሪደሩ ያልፍለት ነበር» አልኩት።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 1

«አዎ» እና «አይደለም» እንኳ ከተለዩ ብዙ ነገር ይቀላል። መጀመሪያ በራስ መነቅነቅ ሞከርን። አልሆነም። ውጭ ዶፍ እየወረደ «ይዘንባል?» አልኳቸው። ራሳቸውን ግራና ቀኝ ወዘወዙ። ማንኪያ አሳይቼ «ይህ ቢላ ነው?» ስል ወደ ታች ነቀነቁ። ስሕተት መሆኑን ደግሞ ያውቁታል። በግራ እጃቸው ጭናቸውን መቱ። ጭንቅላታቸው ያዘዙትን እንቢ ይላል ማለት ነው።

አንድ ሳምንት በዚሁ አለፈ።

ዛሬ ፈትሂያ ስለ ብርድ ልብስ አስተጣጠፍ ስታስረዳኝ እኔ እንደ ልማዴ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግኩ «አዎ» እላት ነበር። ሚስ ታርበል ትክ ብለው አዩኝ። ከዚያ ያችኑ ትንፋሽ ሳቧት። ቅንድባቸውን ከፍ አድርገው፣ ልክ እኔን መስለው! ፈትሂያ በሳቅ ፈረሰች።

«እማ፣ አንቺን ሆኑ እኮ! ወሎዬ ናቸው በቃ!»

ወዲያው ፈተንኳቸው። ይዘንባል? ትንፋሽ። ይህ ማንኪያ ነው? ትንፋሽ። እኔ ወንድ ነኝ? ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንዱንም አልሳቱም። ደጋግሜ፣ ቅደም ተከተሉን እያዘበራረቅኩ ጠየቅኩ። ልክ ነው።

ትንፋሽ ከሆነ አዎ። ዓይን ከተጨፈነ አይደለም። ተረጋግጧል።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

የወንድማቸው ልጅ ሮይ ኤቨረት ከምትባል ጎረቤት ከተማ መጣ። አውሮፕላን ፋብሪካ ነው የሚሠራው። ሌላ ዘመድ የላቸውም። ደግ ሰው ነው፤ በሸክላ ማሰሮ የተተከለ ዕንቁ የመሰለ አበባ ይዞ መጣ። ያችን ዓረፍተ ነገር ሲሰማ ግን ከት ብሎ ሳቀ።

«አክስቴ ድሮም እንዲሁ ናት!»

ድሮ የሚለው ቴሌቪዥኑን ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን አያውቅም። ገና አልተወለደም ነበር።

ብቻቸውን መኖር ይችሉ እንደሆነ የሚያይ ሰው ከአረጋውያን ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ይላካል አለን። አይችሉም ከተባለ እሱ ሰፈር አጠገብ ያለ የአረጋውያን መጦሪያ ይገባሉ። ሚስ ታርበል ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጭምቅ አድርገው።

ሮይ አላየም። አበባው የት እንደሚቀመጥ ይፈልግ ነበር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 7

ልምምድ። ምድጃ ማጥፋት፣ በር መቆለፍ፣ ችግር ካለ ለኔ ስልክ ደውሎ ጠረጴዛውን ሁለቴ መምታት። እኔ ከላይ እሰማለሁ። ደህና ናቸው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

ከጽሕፈት ቤቱ የተላከችው መጣች። ወጣት ናት፣ ትሑት። ፈትሂያ ልታስተረጉም ከሥራ ቀርታለች። በሩ ሲከፈት ሚስ ታርበል መናገር አማራቸውና... ያችኑ።

ልጅቷ እጇን አጨበጨበች። «ትንሽ ሆኜ ከአያቴ ጋር አይዎት ነበር! እባክዎን አንድ ጊዜ ብቻ ይድገሙልኝ!»

ደገሙላት። ሌላ ምን ይበሉ? ጫማዋን በሳቅ ጠረገች።

ከዚያ ብቻቸውን ማነጋገር አለብኝ አለችና እኛን ወደ ወጥ ቤቱ አወጣችን። በሩ ተዘጋ። ጥያቄው ይሰማል፤ ከጥያቄው ቀጥሎ ትንፋሽ። ጥያቄ፣ ትንፋሽ። ጥያቄ፣ ትንፋሽ። ትንፋሹ እየጠነከረ መጣ።

«ሁሉንም መለሱ» አልኳት ፈትሂያን።

«ማሻአላህ! ከኔ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ይሻላል» አለች። ሁለቴ ወድቃለች።

ልጅቷ ስትወጣ ፊቷ ተለውጧል። ፈትሂያን ዝግ ብላ አናገረቻት።

«ምን አለች?»

«የትንፋሽ ችግሩ ከመቼ ጀምሮ ነው ትላለች።»

«የምን ትንፋሽ ችግር? የላቸውም በያት።»

«ብያታለሁ እማ። ሳንባቸው ጤነኛ ነው ብያታለሁ።»

ልጅቷ ትከሻዬን ዳሰስ አደረገች። እንደሚወዷቸው አያለሁ አለች። ይህ መልስ ነው?

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሮይ ፈትሂያን ኮል አደረጋት። ውጤቱ ደርሶታል። ጥያቄ አይረዱም። ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ብቻቸውን ሊቀመጡ አይችሉም።

የትኛውን ጥያቄ ነው ያልተረዱት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

ወሰዷቸው። ደረጃው ላይ ወደ ኋላ ዞረው አዩኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28

ዓብዱረዛቅ ከሥራ መልስ ብቅ አለ። ሊያጫውተኝ ነው፤ ያዘንኩ መስሎታል። አዝኜ ይሆን? ምሳ መብላት ረስቼ ነበር።

«ኧረ አንቱ፣ ልንገርዎት» አለኝ። «አዲስ ሰሞን አንዲት ሴትዮ ከአየር ማረፊያ ጫንኩ። ወደ ከተማ ነው የምንሄደው? ስትለኝ እንደ አገራችን ትንፋሼን ሳብ አድርጌ አዎ አልኳት። ደህና ነህ? አለችኝ። ደግሜ ሳብ! መኪናውን አቁም፣ ልብህ ነው ብላ ጮኸች። ሆስፒታል ልታስገባኝ! እስካሁን እስቃለሁ። እነዚህ ሰዎች ይህን አያውቁም።»

«ድገምልኝ» አልኩት።

«ምኑን?»

«አያውቁም ያልከውን።»

ደገመልኝ። ሻይ አቀረብኩለት፣ ጠጣ፣ ሄደ።

ስሕተቱ ተገኘ። የኔ ነው። አሜሪካ ሦስት ዓመት ስቀመጥ የማወራው ከፈትሂያ፣ ከዓብዱረዛቅና ከሚስ ታርበል ጋር ነው። ሰው ሁሉ እንዲህ የሚል መስሎኝ... ለተማሪዎቼ በምን እንደለካችሁ ሳትነግሩኝ መልስ አታምጡ እል ነበር። ራሴ በደሴ ቁና ሰፍሬ በሲያትል ገበያ አቀረብኳቸው።

ለጥያቄዋ ሁሉ አዎ ባሏት ቁጥር በሽተኛ እያደረገች ጻፈቻቸው። የተሻለ በመለሱ ቁጥር የባሰባቸው መሰሏት።

እሑድ፣ ኅዳር 7

ኤቨረት ሄድን። ዓብዱረዛቅ በታክሲው ወሰደን፤ ሒሳብ ስጠይቀው ተቆጣ። መጦሪያው ንጹሕ ነው። ሠራተኞቹም ቅን ናቸው። ቅንነታቸው ግን ጉድ አፈላ፤ ሚስ ታርበል አዎ ባሉ ቁጥር ኦክስጅን ይዘው ይሮጣሉ። አፍንጫቸው ላይ ቱቦ አገኘሁ። አዎ ማለት ትተዋል። ያችን ዓረፍተ ነገርም ትተዋል። ሠራተኞቹ እንዲሏት ሲለምኗቸው ግድግዳ ያያሉ አሉ።

ሮይ እዚያው ነበር። ነገሩን በፈትሂያ በኩል አስረዳሁት። ስሕተቱ የማን እንደሆነም ነገርኩት።

«ሊሆን ይችላል» አለ። «ግን እኔ በምን አውቃለሁ? እናንተ አዎ ብላለች ትላላችሁ፤ የመጦሪያው ሐኪም ደግሞ ትንፋሽ አጠራት ይላል።»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። እኔም ብሆን እሱኑ እጠይቅ ነበር።

ወደ ሚስ ታርበል ዞርኩ። በዚያች በመጽሐፍ እንግሊዝኛዬ «የት መኖር ይፈልጋሉ? ለሮይ ያሳዩት» አልኳቸው።

ቱቦውን አወለቁ። ወገባቸውን አቀኑ። ከዚያ በግራ እጃቸው ከአንገታቸው የሌለ ቁልፍ አወጡ። የሌለ በር ከፈቱ። ገቡ፤ ከወንበሩ ሳይነሱ ገቡ። ኮት ሰቀሉ። ውሃ ጣዱ፣ እሳቱን ቀነሱ፣ ጣታቸው ትንሽ ተቃጠለና ሳቡት፤ እኔ እንኳ ጣቴን ሳብኩ! ጠጡ። ምድጃውን አጠፉ። ተመልሰው አዩት፤ ጠፍቷል። መስኮቱ ጋ ተቀመጡ። በር ተንኳኳ። ማን እንደመጣ ፊታቸው ላይ አየሁ። እኔ ነኝ። እንደዚያ ደስ ብሏቸው እንደሚከፍቱልኝ አላውቅም ነበር።

ከዚያ እጃቸው ቆመ። ክፍሉን ዞረው አዩ፤ አልጋውን፣ ቱቦውን። ሮይን አዩት። ልመና አልነበረም። ጥያቄ ነበር፤ መልስ የሚጠብቅ።

ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሽማግሌዎች ወሬ አቁመዋል። ፈትሂያ ልታስተረጉም አፏን ከፈተች።

«ተዪው» አላት ሮይ። «ገብቶኛል።»

«ይህን የት ተማረችው?» አለኝ።

«ሥራቸው ነበር» አልኩት። «ሥራቸው ይኸው ብቻ ነበር።»

ስንመለስ ዓብዱረዛቅ መንገዱን ሙሉ አልቀለደም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ሮይ ድጋሚ እንዲታዩ ጠይቆ ፈረመ። ከሥራ ሲወጣ በየቀኑ እየሄደ አዎ ማለትን ግራ እጅ በማንሳት ያለማምዳቸዋል። እኔ ጥያቄዎቹን አዘጋጅቼ ሰጠሁት፤ ትናንት ግን የራሱን ጠየቀ። አባቴ ልጅ ሆኖ ምን ይመስል ነበር ብሏቸው። እስኪመሽ አሳዩት። ሲደውል ድምፁ ሌላ ነው። ዛፍ ላይ ወጥቶ መውረድ የፈራ ልጅ ነበር አለ፤ አባቱ ይህን ነግሮት አያውቅም።

ስልኩን ሳይዘጋ «ሚስ ታርበል ደህና ናት» አለ። ሌላ ጊዜ «አክስቴ ቀልደኛዋ» ነበር የሚለው።

የቀረው ጽሕፈት ቤቱ ነው። ፈትሂያ ነገ እንድትተረጉመው ደብዳቤውን ዛሬ ጨረስኩ። ሦስት ጊዜ አሳጠርኩት። ግልባጩ ይህ ነው።

«ለጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ፤

ጀውሃራ እባላለሁ። ጡረታ የወጣሁ አስተማሪና የሚስ ኢሎዊዝ ታርበል ጎረቤት ነኝ። ሠራተኛችሁ የትንፋሽ ችግር ብላ የጻፈችው በአገሬ አዎ የሚባልበት መንገድ ነው። ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። እሷም አላጠፋችም፣ እሳቸውም አላጠፉም። ስለዚህ ጥያቄ አይረዱም የተባለው ውጤት ልክ አይደለም፤ እንደገና ይታይ።

የሚልኩት ሰው የፈለገውን ጥያቄ ይጠይቅ። ጥያቄው ይክበድ። አፋቸውን ትቶ ፊታቸውን ከተመለከተ መልሱን ያገኛል።

ቤታቸው በወሩ መጨረሻ ለሌላ ሰው ይከራያል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ መልስ አይጠቅማቸውም። ስለዚህ ዛሬ ነገ ሳይሉ፣ ሰው የሚልኩበትን ቀን ይጻፉልኝ።»