ሦስት ጊዜ ያልሄድኩባት ደሴት

ጥቅምት 5

ሱቅ ውዬ መጣሁ። ጸጥ ያለ ቀን። ሁለት ነጠላና አንድ የሕፃን ቀሚስ ሸጥኩ። አባዬ ከኋላ ሸማውን ሲሠራ ዋለ። የሽሮ ሜዳ ረቡዕ እንዲህ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስልክ። ጋሼ ዓምሃ... የአስጎብኚ ቢሮው ባለቤት። ማመልከቻ ካስገባሁ አራት ወር ሆኖኛል፣ ረስቶኛል ብዬ ነበር።

"ሶሊያና፣ ቱሉ ጉዶን ታውቂያታለሽ? የዝዋይ ሐይቋን ደሴት።"

"በደንብ።"

"ሄደሽ ታውቂያለሽ?"

"ሦስት ጊዜ።"

ሦስት ከየት መጣ? አንድ ብል አይበቃም ነበር? ዝዋይን ያለፍኩት ለዘመድ ሰርግ አርባ ምንጭ ስንሄድ ነው፣ እሱንም ተኝቼ።

በቃ፣ ሙከራ ሰጠኝ። ጥቅምት 29፣ አንድ ቡድን ይዤ ልሄድ። እንግዶቹ ከወደዱኝ ቋሚ አስጎብኚ። ካልወደዱኝ ሱቅ፣ ዕድሜ ልክ። ሱቁን አልጠላውም። ግን ስንት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው ሌላ አገር ሄዶ የሚለብሰውን ልብስ ሸጥኩ። እኔስ?

ጥቅምት 6

ጀልባ... ስለ ጀልባው አላሰብኩም ነበር።

ጥቅምት 11

ለልምምድ እንጦጦ ወጣሁ። ተራራው ደሴቷ፣ ከተማው ሐይቁ። የሰፈሬ ቀጨኔ መድኃኔዓለም የጀልባ መቆሚያው። ባሕር ዛፎቹ እንግዶቼ።

"ክቡራን እንግዶቻችን፣ ቱሉ ጉዶ በሐይቁ ላይ ካሉት አምስት ደሴቶች ትልቋ ናት። ነዋሪዎቿ ዛይ ይባላሉ። በዮዲት ዘመን ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ከአክሱም አሽሽተው እዚህ ብዙ ዓመት እንዳኖሯት ይነገራል..." እጄን ወደ ፒያሳ ዘርግቼ "ከታች የምታዩት ሰፊ ውኃ" ስል ከኋላዬ ሰው ሳለ። እንጨት የተሸከሙ እናት ናቸው። ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አስደግፈው ሲሰሙኝ ነበር ለካ።

"የቱ ጋ ነው ውኃው፣ የኔ ልጅ?"

"ያስቡት እማማ።"

ቁልቁል ትንሽ አዩና፣ "ታቦቷስ አገሯ ተመለሰች?" አሉ።

"ተመልሳለች ይባላል።"

"እሰይ" ብለው ሸክማቸውን አነሱ። አንድ እንግዳ ረክቶልኛል። ዳገቱን እየዘለልኩ ወረድኩ፣ እንደ ሕፃን።

ጥቅምት 18

ጉድ ፈላ። የእንግዶቹ ስም ዝርዝር መጣ። ፈረንጆች መስለውኝ እንግሊዝኛዬን ሳሾል ሰንብቼ... የሰፈሬ የሸማኔዎች ማኅበር። አሥራ አንድ ሰው። የመጀመሪያው ስም እትዬ ደሳለች። አጥር ብቻ የሚለየን ጎረቤታችን፣ ከጉለሌ ስንቴ እንደወጣሁ በጣታቸው ቆጥረው የሚናገሩ።

ከሰዓት ሱቅ ድረስ መጡ።

"ሶሊ፣ የቢሮው ሰውዬ አስጎብኚያችሁ ደሴቷ ሦስት ጊዜ ሄዳለች ብሎ ነገረን። አንቺ ነሽ አሉ።"

"እ... ማለቴ..."

"መቼ ነው የሄድሽው?"

ነጠላ ማጠፍ ጀመርኩ። የታጠፈ ነጠላ ነበር። እጄን አዩና "እሺ፣ ብቻ ውኃ ውስጥ እንዳትከቺን" ብለው ሄዱ።

ለጋሼ ዓምሃ ይነግሩብኝ ይሆን? በፍርሃት መሞት ሲገባኝ ሳቅ ሳቅ የሚለኝ ለምንድን ነው?

ጥቅምት 28

ነገ። አባዬ አዲስ ነጠላ ሰጠኝ፣ ጥለቱ የሐይቅ ቀለም። "ሐይቅ እንዲህ ነው አይደል?" ሲለኝ "ልክ እንዲህ ነው" አልኩት። አራተኛ ውሸት።

ጥቅምት 30

ትናንት... ከየት ልጀምር?

ሚኒባሱ ውስጥ ታሪኩን አንድም ሳላዛንፍ አወራሁ። አጨበጨቡልኝ። እትዬ ደሳለች ብቻ አላጨበጨቡም። ከዚያ ሐይቁ ጋ ደረስን። ከፍ ዝቅ ይላል! ይሄን የትኛውም ጽሑፍ አልነገረኝም። የጀልባው ባለቤት በዳሳ እጁን ዘርግቶ "አስጎብኚዋ ትቅደም" አለ።

እግሬ እምቢ አለኝ። አሥራ አንድ ሰው ከኋላዬ ቆሟል።

ዞርኩና ተናገርኩት። ሄጄ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ያልኩት ውሸት ነው። ጀልባም ወጥቼ አላውቅም። የማውቀው ታሪኳን ብቻ ነው።

በቃ፣ ሥራዬ ሄደ አልኩ።

"እኛስ ወጥተን እናውቃለን?" አሉ እትዬ ደሳለች። "የምፈራው ብቻዬን መስሎኝ ስጨነቅ ሰንብቼ። ነጠላሽን ወዲህ በይ።"

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አጥብቀው አሰሩና ጫፉን ከነጠላቸው ጋር ቋጠሩት። የሳቸውን ደግሞ ከቀጣይዋ። ወንዶቹም ጋቢያቸውን አውርደው ወገባቸው ላይ አሰሩና ቀጠሉበት። አሥራ ሁለታችንም በአንድ ገመድ። "የሸማኔ ቋጠሮ ነው፣ አይፈታም" አሉ ኮራ ብለው። ተሳፈርን።

በዳሳ ሞተሩን ሲያዘጋጅ ስለነበር ያየው ሐይቁ መሃል ስንደርስ ነው። ሞተሩን አጠፋ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"እንዳንወድቅ ነው" አልኩት።

"አንዷ ብትወድቅ አሥራ አንዱ ሊከተላት?"

ተያየን። ይሄን ማንም አላሰበውም። እንፍታው ብንል ቋጠሮው ረጥቦ ጠብቋል፣ በጥርስም አልሆነ። መጀመሪያ የሳቁት እትዬ ደሳለች ናቸው። ከዚያ ሁላችን። ጀልባዋ ስትወዛወዝ በዳሳ ተቆጣ፣ ቀጥሎ እሱም ሳቀ። ምንቃሩ ዘምቢል የሚያክል ነጭ ወፍ አጠገባችን ይንሳፈፋል፣ ዞር ብሎም አላየን። ፍርሃቴ የት እንደገባ አላውቅም።

ደሴቷ ላይ እንደታሰርን ወረድን። መረብ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ በእንጨት ሹል ፈቱልን። "ማን ነው የቋጠረው? ጎበዝ ነው" አሉ። እትዬ ደሳለች ይህችን ቃል ቀኑን ሙሉ ሲደጋግሟት ዋሉ።

ዳገቱን የቀጨኔ ሰው ምን ይለዋል... በድንጋይ እርከኖቹ መሃል እየተጫወትን ወጣን። ላይ ስደርስ ፊቴን ወደ እንግዶቼ አዙሬ፣ እጄን ዘርግቼ፣ "ከታች የምታዩት ፒያሳ" አልኩ።

ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ዞሬ አየሁ። ውኃ ነው። እውነተኛ ውኃ፣ እስከ ሰማዩ ጥግ። ደስ አለኝ፣ ትንሽ አለቀስኩም። ታሪኩን እንደገና ነገርኳቸው፣ አሁን ግን ያስቡት አላልኩም።

ኅዳር 1

ጠዋት ቢሮ ሄጄ ሳልቀመጥ ነገርኩት። "ጋሼ፣ ዋሽቼሃለሁ። ሦስት ጊዜ አልሄድኩም።"

"ደሳለች ደውላልኛለች።" ፊቱ አይነበብም። "በሚመጣው ዓመትም ካንቺ ጋር ነው የምንሄደው ብላለች።"

"እና... ሥራው?"

ያን ግዙፍ ሰውነቱን ይዞ ተነሥቶ በሩን ዘጋና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አሥራ አንድ ዓመት ይችን ደሴት ስሸጥ ጀልባ ላይ ወጥቼ አላውቅም። እንግዶቹን አሳፍሬ ዳር ላይ ሻይ እየጠጣሁ ነው የምጠብቀው። እፈራለሁ።"

ሳቄን ዋጥኩ።

"ሥራው ያንቺ ነው። ሁለተኛ ግን አትዋሺኝ። ስንት ጊዜ ሄደሻል?"

"አንድ ጊዜ።"

"ጥሩ። ቅዳሜ ሌላ ቡድን አለ። እኔም..." ጉሮሮውን ጠረገ። "እኔም እሄዳለሁ። ያ የነጠላው ነገር... ይረዳል?"

"በጣም ይረዳል" አልኩት። ውሸት አይደለም።

ከሰዓት ሱቅ ገብቼ መደርደሪያውን ስፈትሽ አባዬ ምን እንደምፈልግ ጠየቀኝ። ጋቢ አልኩት፣ ወፍራሙን። ጋሼ ዓምሃን ነጠላ አይችለውም።